«ሴት አሳይድ»ን «አስቀመጠ» ብዬ የሠራሁት ጥፋት

«ሴት አሳይድ» (set aside) የሚለውን የእንግሊዝኛ ግስ በአማርኛ ምን እንበለው የሚል ጥያቄ ሰሞኑን ሲነሳ አየሁና ዝም ማለት አቃተኝ። በዚህ ቃል ጉድ ሆኛለሁ።

የምኖረው ደሴ፣ ሸዋበር አካባቢ ነው። ጎረቤታችን እትዬ (ስማቸው ይቅር) አሜሪካ ልጅ አላቸው። ልጁን አከራዩ ከሶት፣ መጥሪያው ሳይደርሰው በሌለበት ተፈርዶበት ነበር። አቤት አለ። ከዚያ ፍርድ ቤቱ የሰጠውን ወረቀት ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ላከላቸው፤ እሳቸውም ስልኩን ይዘው እኛ ቤት መጡ። ቡናው ደርሶ ነበር። ወረቀቱ ላይ ፍርድ ቤቱ የቀድሞውን ውሳኔ «ሴት አሳይድ» እንዳደረገው ተጽፏል። እኔም አዋቂ ነኝ ባይ፣ ፈጠን ብዬ «ውሳኔውን ወደ ጎን አስቀምጦታል» አልኳቸው።

ሲኒያቸውን ረከቦቱ ላይ መለሱት። «ለመቼ ነው ያስቀመጠው ልጄ?»

መልስ አልነበረኝም። በአማርኛ የተቀመጠ ነገር አለ ማለት ነዋ! የተቀመጠ ብር ይወጣል፣ የተቀመጠ ወጥ ማታ ይበላል። እሳቸው የገባቸው ፍርዱ መሳቢያ ውስጥ ሆኖ ልጃቸውን እየጠበቀው እንደሆነ ነው። እንባቸው መጣ።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። «ሴት አሳይድ» አንድ ቃል አይደለም፣ ቢያንስ ሦስት ነው። ብር ወይም እህል ለይቶ ማስቀመጥ አንዱ ነው። ጠብን ወይም ልዩነትን መተው ሌላ ነው። ፍርድ ቤት ሲገባ ደግሞ መሻር ይሆናል። አውሮፓውያን ደግሞ ለእርሻም ተጠቅመውበታል። እህል ስለተረፋቸው በፈረንጅ 1988 ላይ ገበሬው ከማሳው ከፊሉን ሳያርስ እንዲተው ገንዘብ መክፈል ጀመሩና እስከ 2008 ድረስ ቆየ። የፖሊሲው ስም ራሱ «ሴት አሳይድ» ነበር። ለዚህኛው አማርኛ አይቸገርም፤ ማሳው ጦሙን አደረ እንላለን። የወሎ ገበሬ ግን ማሳህን ጦም አሳድርና ብር ውሰድ ቢሉት የሚስቅ ይመስለኛል፣ በኛ ዘንድ ጦም ያደረ መሬት ነውር ነው።

ለፍርድ ቤቱ ትርጉም ሕጋችን የራሱ ቃል አለው። የ1958 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 78፣ በሌለበት የተወሰነበት ሰው ውሳኔውን ባወቀ በ1 ወር ውስጥ አቤት እንዲል ይፈቅዳል። ጠበቆች ይህን አቤቱታ «ውሳኔው ይነሳልኝ» ነው የሚሉት። እስቲ ተመልከቱት። እኔ ተቀመጠ አልኩ፣ ትክክለኛው ተነሳ ነው። አንዱ የእንግሊዝኛ ግስ በኛ ቋንቋ መቀመጥም መነሳትም ሆነ።

ታዲያ «ተነሳ» ብላቸውስ ኖሮ ይድኑ ነበር? አይመስለኝም። ጥያቄ ተነሳ ሲባል ወደ መድረክ መጣ ነው። እገዳው ተነሳ ሲባል ጠፋ ነው። «የልጅዎ ጉዳይ ተነሳ» ቢባሉ እንደ አዲስ ተቀሰቀሰ ብለው ይብሱን ይደነግጡ ነበር።

እንግሊዝኛም ከዚህ በሽታ አልዳነም። «ቴብል» ይላሉ፣ ጠረጴዛ፤ እንደ ግስ ሲሆን እንግሊዞቹ ለውይይት አቀረበ ማለታቸው ነው፣ አሜሪካኖቹ ደግሞ ለጊዜው ተወው። የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረው ቸርችል ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በጻፈው ላይ አንድ ነገር ያወራል። በፈረንጅ 1941 መጨረሻና በ1942 መጀመሪያ የሁለቱ አገር መኮንኖች ዋሽንግተን ላይ ተሰብስበው ነበር። እንግሊዞቹ አንድ ሰነድ አጣዳፊ ነው ብለው «ቴብል» ይደረግ አሉ። አሜሪካኖቹ ይዘገያል ማለት መስሏቸው አይሆንም አሉ። ረጅም ጭቅጭቅ ሆነ። በኋላ ሲታይ ሁለቱም የሚፈልጉት አንድ ነበር። የቋንቋው ባለቤቶች እንዲህ ከሆኑ እኔ ምን ልሁን።

ሌሎቹን የ«ሴት አሳይድ» ዘመድ የሆኑ የእንግሊዝኛ ቃላት ቶሎ ቶሎ ልበላቸው። «ሪዘርቭ» ብዙም አያስቸግርም፤ ወንበር ከሆነ ተይዟል፣ በጀት ከሆነ መጠባበቂያ፣ ኳስ ተጫዋች ከሆነ ተጠባባቂ። «ሼልቭ» መደርደሪያ ላይ መስቀል ነው፣ ለሱ «በይደር ተያዘ» አለልን፤ በይደር የተያዘ ጉዳይ ስንት ሌሊት እንደሚያድር ቢሮ የተመላለሰ ያውቀዋል። «ኢርማርክ» ከከብት ጆሮ የመጣ ነው። የማን እንደሆነ እንዲለይ ጆሮውን መብጣት፣ በኋላ ለአንድ ሥራ ብቻ የተለየ ገንዘብ ሆነ። በኛ መደበ ይበቃዋል፣ የጆሮው ነገር ግን ይቀርበታል።

«ልዩነታችንን ወደ ጎን አስቀምጠን» የሚሉ ተናጋሪዎችንም እዚሁ ላይ ልንካቸው። ካስቀመጣችሁት እኮ ነገ ታወጡታላችሁ። ትተን በሉ።

ወደ እትዬ ልመለስ። ይቅርታ ጠየቅኳቸውና ዘርዝሬ ልነግራቸው ሞከርኩ። «ያ ፍርድ አሁን የለም፣ እንዳልተፈረደበት ነው፣ ሽረውታል…» ስል አቋረጡኝ።

«እና ቀረለት አትለኝም?»

ቀረለት! እኔ ቃል ፍለጋ መዝገብ ሳገላብጥ እሳቸው ከአፋቸው አወጡት። ከዚያ ወዲህ ይህን «ቀረ» የሚባል ግስ ሳስበው ነው የሰነበትኩት። ፒያሳ መናኸሪያ አጠገብ ረዳቱ «ኮምቦልቻ! ሁለት ሰው የቀረው!» ብሎ ሲጮህ ገና የሚገባ ሰው አለ ማለት ነው። እቁባችን ላይ ጸሐፊው «ሁለት ሰው ቀረ» ሲል ደግሞ ያልመጣ ሰው አለ። መኖርም አለመኖርም በአንድ ቃል። «አስቀረ»ም እንዲሁ ነው። ለአባትህ እንጀራ አስቀርለት ስትባል ለይተህ ታቆያለህ፣ ሰርጉን አስቀረው ሲባል ሰርግ የለም። ደሞዙን አስቀረበት ከተባለማ ጠብ አለ። ማቆየትንም መሰረዝንም የሚይዝ፣ ልክ እንደ «ሴት አሳይድ»፣ እጃችን ላይ ነበረ። ዋናውን ሥራ የምትሠራው መጨረሻ ላይ ያለችው «ለት» ወይም «በት» ናት። ስለዚህ የኔ ድምፅ ለ«አስቀረ» ነው ብዬ ልጨርስ ነበር።

ይህን ለጠበቃ ጓደኛዬ ሳጫውተው ግን ፊቱን አኮሳተረ። «ቀረለት አትበላት፣ ታሳስታታለህ» አለኝ። በሌለበት የተሰጠ ውሳኔ ሲነሳ ክሱ አብሮ አይሞትም። ሰውየው አሁን መልስ ይሰጣል፣ ክርክሩ ይሰማል፣ እንደገና ሊፈረድበትም ይችላል። የቀረው ውሳኔው እንጂ ክሱ አይደለም። ተከራከርኩት፣ አልሆነም፣ ልክ ነው።

ማታ እትዬ ቤት ሄድኩና ያንን ወረቀት እንደገና ክፈቱልኝ አልኳቸው። በዚያን ቀን የላይኛውን አንቀጽ ብቻ ነበር ያነበብኩት። ዝቅ ስል፣ ከፊርማው በላይ፣ የቀጠሮ ቀን ተጽፎበታል።

«ለመቼ ነው?» አሉኝ፣ ሲኒውን እያቀበሉኝ።