የጥቁር አሜሪካውያን የልምድ አዋላጆች ቦርሳ ውስጥ ምን ነበር?

ጦሳ ግርጌ (ደሴ)
ሰላም ለሁላችሁ። በዘር መድልዎ ዘመን በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ይሠሩ ስለነበሩት ጥቁር የልምድ አዋላጆች ለክፍል ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው። ነርሶች ቦርሳቸውን ይፈትሹ ነበር ይባላል። የሚፈተሸው ምኑ ነው? ኋላስ ለምን ጠፉ? የምታውቁ እህት ወንድሞች እስቲ።

ቦርከና (ኮምቦልቻ)
አብሽሪ እህቴ። ዓመቶቹ በፈረንጆች ናቸው። ሥልጠናውና ፈቃዱ የተስፋፋው የ1921ዱ የሼፕርድ ታውነር ሕግ ለእናቶችና ሕፃናት ጤና በጀት ከፈቀደ ወዲህ ነው፤ በጀቱ 1929 ላይ ቆመ። ቦርሳው ውስጥ ወልቆ የሚታጠብ ነጭ ገበር አለው። መቀስ፣ የእትብት ማሰሪያ፣ የጥፍር ብሩሽ፣ ሳሙና፣ ሽርጥ፣ ቆብ፣ የልደት መመዝገቢያ ቅጽ ይያዝበታል። ቅጠላ ቅጠል ከተገኘ ፈቃድ ሊያስነጥቅ ይችላል። በብልት በኩል እጅ አስገብቶ መመርመርም ክልክል ነው፤ ኢንፌክሽን ያስገባል ተብሎ። ከወላዷ ሥር የሚነጠፈው ጋዜጣ ነው፤ ተደራርቦ ይሰፋል፣ ሲያበቃ ይቃጠላል።

ለሕፃኑ ዓይን 1 በመቶ ሲልቨር ናይትሬት ጠብ ይደረጋል፣ ከእናቱ የጨብጥ በሽታ እንዳያሳውረው። ጠርሙሱ ክፍት ከቆየ ውኃው ይተንና መድኃኒቱ ይከራል፣ ዓይን ያቃጥላል። ዛሬ እኛ ጋ ያለው የቴትራሳይክሊን ቅባት ይህ ጣጣ የለበትም።

ሐይቅ መንገድ
መቀሱን ቀቀሉት ማለት ሁሉም ጀርም ሞተ ማለት አይደለም። የመንጋጋ ቆልፍ (ቴታነስ) ጀርም ዘር ፈልቶም አይሞትም፤ እሱን የሚገድለው በ121 ዲግሪ የሚሠራ የእንፋሎት ማምከኛ ነው። ደሴ ላይማ ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ይብሳል። በቆሸሸ መቀስ የተቆረጠ እትብት በዚሁ በሽታ ከሳምንት ገደማ በኋላ ሕፃኑን ጡት መጥባት ሊያሳጣው ይችላል። በነገራችን ላይ እትብቱ ሁለት ቦታ ይታሰርና መሃሉ ይቆረጣል።

ቦርከና (ኮምቦልቻ)
ስለ መጥፋታቸው «ንጽሕና ስለጎደላቸው» ብለሽ እንዳትጽፊ፣ አደራ። ምጥ ሲከብድ አዋላጆቹ ሐኪም እንዲጠሩ ይታዘዛሉ፤ ግን ብዙው ሆስፒታል ጥቁር አይቀበልም፣ ቢቀበልም በተለየ ክፍል ነው። የ1946ቱ የሂል በርተን ሕግ ራሱ «ለየብቻ ግን እኩል» ለሚሉ ሆስፒታሎች የመንግሥት ገንዘብ ሰጥቷል፤ ይህን የሰበረው ጥቁሩ የጥርስ ሐኪም ሲምኪንስና ባልደረቦቹ ያቀረቡት ክስ የ1963 ውሳኔ ነው። ከዚያ የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግና ሜዲኬር የሚባለው የአረጋውያን የመንግሥት ጤና መድን መጡ፤ መድልዎ ያላቆመ ገንዘብ አያገኝም ተባለ። በሩ ሲከፈት ግን አዋላጆቹ አልተጋበዙም፣ ፈቃዳቸው መታደስ ቀረ። አላባማ በ1976 በሕግ ከለከለቻቸው። እዚያው አላባማ ባለችው ቱስኪጊ ከተማ ከ1941 እስከ 1946 ጥቁር ነርሶችን በአዋላጅነት ያሠለጠነ ትምህርት ቤት ነበር፤ እሱን ለብቻው ክፍል ስጪው።

ጦሳ ግርጌ (ደሴ)
አላህ ይስጥልኝ። ሂል በርተንን ጨርሶ አላሰብኩትም ነበር፣ ከሱ እጀምራለሁ።