ባይናኩላሬ ሁለት ሁለት ያሳየኛል፣ እሑድ በረራ አለኝ! እርዱኝ

ሰማያዊ ላባ (ሰኞ ማታ)
ሰላም ለሁላችሁ። አስቸኳይ ነው። ባይናኩላሬ (ሩቁን አቅርቦ የሚያሳየው መነጽር) ዛሬ ከጠረጴዛ ላይ ወደቀብኝ። መስታወቱ አልተሰነጠቀም። ግን ሁሉን ነገር ሁለት አድርጎ ያሳየኛል። አንድ ምሰሶ ሳይ ሁለት ምሰሶ ነው፣ አንዱ ከፍ አንዱ ዝቅ ብሎ። እሑድ ጠዋት ለወፍ ጉብኝት እበራለሁ። ጋይድ ያለው ጉዞ ነው፣ ገንዘቡም ተከፍሏል። አዲስ የምገዛበት አቅም የለኝም። ጎኑ ላይ ከላስቲኩ ስር ትንንሽ ብሎኖች አሉ። ፈትቼ ላስተካክለው? እባካችሁ ቶሎ!

ቁራ አሳዳጅ
ዲዮፕተሩን አዙሪው። ቀኝ ዓይን በኩል ያለችው ቀለበት ናት። ሲወድቅ ዞራ ይሆናል። የኔም አንዴ እንደዚያ ሆኖ በአንድ ደቂቃ ተስተካክሏል።

ሰማያዊ ላባ
አዞርኳት። ይደበዝዛል፣ ይጠራል። ሁለቱ ግን አንድ አይሆኑም።

ጉጉት በቀን
እህቴ ምን ያስከፋሻል? አንድ ወፍ ባየሽ ቁጥር ሁለት መዝግቢ። ሌላው በሁለት ጉዞ የሚሞላውን አንቺ በአንዱ ትጨርሻለሽ።

አዛውንቱ
ልጄ፣ መጀመሪያ ነገሩን ከስሩ እንየው። ባይናኩላርሽ ስንት በስንት ነው? ብዙ ሰው ቁጥሩን ሳያውቅ ይገዛል። 8 በ42 ማለት 8 ጊዜ ያቀርባል፣ የፊተኛው መስታወት ስፋት ደግሞ 42 ሚሊሜትር ነው ማለት ነው። 42ን ለ8 ስታካፍዪው 5.25 ይመጣል። ወደ ዓይንሽ የሚገባው የብርሃን ክብ ስፋት እሱ ነው። በ10 ካካፈልሽው ግን 4.2 ብቻ ነው። ጥቅጥቅ ያለ ጫካ ውስጥ ብርሃን ያንሳል። 10 ያለው ደግሞ የእጅን መንቀጥቀጥም አብሮ ያጎላል። ስለዚህ ለሞቃት አገር ጫካ ምንጊዜም 8 በ42። እኔ ይህን ስናገር ዓመታት አለፉኝ፣ ሰሚ የለም።

ሰማያዊ ላባ
አመሰግናለሁ አባባ። 8 በ42 ነው። የተሰበረ 8 በ42።

የጫካ ልጅ
ብሎኑን እንዳትነኪ! መጀመሪያ ይህን ሞክሪ። ባይናኩላሩን የማይንቀሳቀስ ነገር ላይ አስደግፊው። ሩቅ ያለ የምሰሶ ጫፍ ምረጪ። ግራ ዓይንሽን ጨፍነሽ እዪ፣ ከዚያ ቀኝሽን። በየተራ ሲታይ ጥርት ያለ ከሆነ፣ በሁለቱ ዓይን ስታዪው ግን ጫፉ ሁለት ከሆነ፣ የውስጡ ፕሪዝም (ብርሃኑን የሚያጥፈው መስታወት) ከቦታው ተነቃንቋል። ያን ዲዮፕተር አይመልሰውም። ብሎኖቹ ፕሪዝሙን የሚገፉ ናቸው። መሣሪያ በሌለው እጅ ሩብ ዙር ብታዞሪ ይብስበታል። እንዲያው ብትታገሺውም ዓይንሽ ሁለቱን ምስል ለማገናኘት ሲታገል ይውላል። በሁለተኛው ሰዓት ራስ ምታት፣ በሦስተኛው ማቅለሽለሽ።
ለመሆኑ የት ነው የምትሄጂው?

ሰማያዊ ላባ
ሞከርኩት፣ ልክ እንዳልከው ነው። በየተራ ጥርት ይላል፣ በሁለቱ ድርብ። የምሄደው ኡጋንዳ ነው፣ 12 ቀን። ማባምባ ረግረግ፣ መርቺሰን ፏፏቴ፣ ከዚያ ብዊንዲ። ሌላውን ሁሉ አዘጋጅቻለሁ። ልብስ፣ ጫማ፣ የወባ ክኒን ሳይቀር። የጎደለኝ ባይናኩላር ብቻ ነው።

ለምን እንዲህ
ማባምባ ከሆነ ሹቢልን ልታዪ ነዋ። እሱ ደግሞ ቁመቱ ከአንድ ሜትር ያልፋል፣ ምንቃሩ ጫማ ያክላል፣ ሐውልት ይመስል አንድ ቦታ ተገትሮ ይውላል። ለእሱ ባይናኩላር ምን ይሠራል? በባዶ ዓይን ታዪዋለሽ። ጋይድ ከፍለሽ ደግሞ ዕቃ ፍለጋ መጨነቅ አይገባኝም። የጋይዱ ሥራ ማሳየት አይደለም እንዴ?

የጫካ ልጅ
ወንድሜ፣ ሹቢሉ እሺ። ጀልባዋ ትጠጋለታለች፣ እሱም አይንቀሳቀስም። ሳንባ ያለውን ዓሣ እየጠበቀ ነው የሚቆመው። ብዊንዲስ? ሩሂጃ ላይ አረንጓዴ ብሮድቢል ፍለጋ ወደ ሙብዊንዲ ረግረግ ስትወርድ ወፊቱ ቡጢ የማታክል ናት፣ ቅጠል መሐል ቅጠል የመሰለች። ጋይዱ "እዚያ፣ ከቅርንጫፉ በስተግራ" ሲልህ በባዶ ዓይን የምታየው ቅርንጫፉን ነው።
እህቴ፣ ዛሬውኑ ለጉዞ ድርጅቱ ጻፊ። "ትርፍ ባይናኩላር አላችሁ?" በያቸው። ብዙ ጋይዶች መለዋወጫ ይይዛሉ። ሳትጠይቂ ከሄድሽ ግን ትርፉን ሌላ ተጓዥ ቀድሞሽ ይወስደዋል። እምቢ ካሉሽ የራስሽን ያዢ፣ አንዱን ቱቦ በክዳኑ ሸፍኚና በአንድ ዓይን ተጠቀሚ። አይመችም፣ ግን ያሳያል።

ቁራ አሳዳጅ
ዲዮፕተሩን እስከ መጨረሻው አዙረሽዋል ግን?

አዛውንቱ
ስለ ሹቢል ካነሳችሁ አይቀር፣ ዓሣ አጥማጆቹ ገደ ቢስ ነው ይሉት ነበር። ካዩት ዓሣ አይያዝም ብለው ይገድሉት ነበር። ዛሬ እነዚያው ሰዎች በጀልባቸው እንግዳ ወስደው ያሳዩታል። ረግረጉም ከ2006 በፈረንጅ ጀምሮ ረግረጎችን በሚጠብቀው ዓለም አቀፍ የራምሳር ስምምነት የተመዘገበ ነው። ደግሞ ሞቃት አገር ማለት ሙቀት ብቻ እንዳይመስልሽ። ብዊንዲ ከፍታው ከ2,000 ሜትር የሚያልፍ ቦታ አለው። ጠዋት ጠዋት ሹራብ ያስፈልጋል፣ የዝናብ ልብስም።

ጉጉት በቀን
ልብስ ካላችሁ፣ የወታደር ዥንጉርጉር ግዢ። ወፎቹ አያዩሽም፣ ባይናኩላርም ሳያስፈልግሽ ከጎናቸው ትቀመጫለሽ።

የጫካ ልጅ
ይህቺ ቀልድ ታሳስራለች። ኡጋንዳ ውስጥ ሲቪል ሰው የወታደር ዓይነት ዥንጉርጉር መልበስ በሕግ ያስጠይቃል። ቦርሳውም ኮፍያውም ጭምር ይቅር። ደብዘዝ ያለ አረንጓዴ ወይም ቡናማ ይበቃል። መርቺሰን ላይ ደግሞ ጥቁርና ደማቅ ሰማያዊ አትልበሺ። የገንዲ ዝንብ በእነዚህ ሁለት ቀለሞች ትሳባለች። ወጥመዷንም ሆን ብለው በነሱ ነው የሚሠሩት። ብዊንዲ ላይ ሱሪሽን ካልሲሽ ውስጥ አስገቢ፣ የጉንዳን ሰልፍ ረግጠሽ ከቆምሽ በኋላ ትርፉ መጨፈር ነው። ዲት ያለበት የትንኝ መከላከያ ከተቀባሽ ደግሞ እጅሽን ሳትታጠቢ ባይናኩላር አትንኪ፣ በተለይ የሰው ዕቃ። ላስቲክና ፕላስቲክ ያቀልጣል።

ሲስተር (ማክሰኞ ጠዋት)
ይቅርታ፣ ከርዕስ ልውጣ። "የወባ ክኒን ሳይቀር" ብለሽ አየሁ። የቢጫ ወባ ክትባትስ?

ሰማያዊ ላባ
አንድ አይደለም እንዴ? ወባ ወባ ነው ብዬ…

ሲስተር
አይደለም የኔ እህት። ስማቸው ነው የሚያሳስተው፣ ዝምድና የላቸውም። ወባ በጥገኛ ተሕዋስ ይመጣል፣ የምታስተላልፈው ትንኝ በብዛት ማታ ትነክሳለች፣ ክኒን አለው። ቢጫ ወባ ቫይረስ ነው፣ ትንኟም ሌላ ናት፣ ቀን ትነክሳለች። ክኒን የለውም፣ ክትባት ነው ያለው። ኡጋንዳ ደግሞ ዕድሜው 1 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ መንገደኛን ሁሉ የቢጫ ወባ ካርድ ትጠይቃለች። አየር መንገዱም ገና ስትሳፈሪ ሊጠይቅሽ ይችላል።
ዋናው ነገር፣ ካርዱ መሥራት የሚጀምረው ከተከተብሽ ከ10 ቀን በኋላ ነው። እሑድ ትበሪያለሽ። ዛሬ ማክሰኞ ነው።

ጉጉት በቀን
ቢጫ ካርድ ሳይኖር ቀይ ካርድ! እንዲህ ያለ ዳኛ አይቼ አላውቅም።

ለምን እንዲህ
አታስደንግጧት። እኔ ሌላ አገር ስገባ ማንም ካርድ አላየብኝም። ከፈለገች ደግሞ ማህተም የሚያስመታላት ሰው አይጠፋም።

ሲስተር
ማህተሙ ትንኝ አያባርርም። በሽታው ደግሞ ከያዘ ሊገድል ይችላል። እንዲህ ያለ ምክር ለሰው አትስጥ።

ሰማያዊ ላባ
ቆይ ቆይ፣ ልቤ ቀጥ አለ። ድሮ ለሥራ ስወጣ አንድ ክትባት ተወግቼ ቢጫ ደብተር ሰጥተውኝ ነበር። 2001 ይመስለኛል። ግን ለ10 ዓመት ነው ብለውኛል። አልፎበታል ማለት ነው?

የጫካ ልጅ
2001 በኛ ነው በፈረንጅ?

ሰማያዊ ላባ
በኛ።

ሲስተር
እፎይ! አላለፈበትም። ከሐምሌ 2016 ጀምሮ፣ ይህ በፈረንጅ ነው፣ የቢጫ ወባ ካርድ የሚያገለግለው ዕድሜ ልክ ሆኗል። ደንቡ ከዚያ በፊት የተሰጡትንም ይጨምራል። "እስከ 10 ዓመት" ተብሎ ቢጻፍበትም ያው ነው፣ ደግመሽ አትወጊም። ቀኑን አትሰርዢ፣ አትደልዢ፣ እንዳለ ያዢው። ዋናው መያዝ አለበት፣ በስልክ የተነሳ ፎቶ አይበቃም። ስምሽ ከፓስፖርትሽ ጋር መግጠሙን፣ ፊርማና ማህተም መኖሩን እዪ።
የወባ ክኒንሽንም ስም ንገሪኝ። ዶክሲሳይክሊን ከሆነ ከጉዞው 1 ወይም 2 ቀን ቀድሞ ተጀምሮ ከተመለሱ በኋላ 4 ሳምንት ይቀጥላል፣ ቆዳንም ፀሐይ ቶሎ እንዲያቃጥለው ያደርጋል። ሜፍሎኪን ከሆነ ግን ቢያንስ 2 ሳምንት ቀድሞ መጀመር ነበረበት፣ ሐኪምሽን ዛሬውኑ አነጋግሪ።

ሰማያዊ ላባ (ማክሰኞ ማታ)
ዶክሲሳይክሊን ነው። ካርዱ ተገኘ!!! የድሮ የትምህርት ማስረጃዬ መሐል ተጣጥፎ። ሲስተር እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ድርጅቱም መለሰልኝ፣ ትርፍ ባይናኩላር አላቸው፣ በስሜ ይዘውልኛል።
አንድ ነገር ብቻ። አባዬስ? 67 ዓመቱ ነው፣ ከአገር ወጥቶ አያውቅም። ክትባቱን ነገ ቢወስድ እስከ እሑድ ምንም ማድረግ አይቻልም?

የጫካ ልጅ
አባትሽ አብረውሽ ናቸው እንዴ?! አሁን ነው የምትነግሪን?

ሰማያዊ ላባ
አላልኩም እንዴ? ጉዞው የሱ ነው እኮ። ወፍ የሚወደው እሱ ነው። ባይናኩላሩም የሱ ነው፣ መውደቁን አልነገርኩትም።

ጉጉት በቀን
እኔ ቀልዴን ጨረስኩ።

ሲስተር
እንግዲህ ሁለት ነገር አለ። አንደኛ፣ ቀኑ አይሞላም፣ 10 ቀኑን ማንም ሐኪም አያሳጥረውም። ሁለተኛ፣ ይህ ክትባት ሕይወት ካለው ከተዳከመ ቫይረስ የተሠራ ነው። ዕድሜያቸው 60 ያለፈ ሰዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ሲወስዱት ጥንቃቄ ይፈልጋል። ዝም ብሎ ሄዶ መወጋት አይሆንም። የሚወስዱትን መድኃኒትና ያለባቸውን ሕመም የሚያይ ሐኪም መቅደም አለበት። ሐኪሙ "ለጤናቸው አይሆንም" ካለ የሚሰጥ ደብዳቤ አለ። ግን ደብዳቤው ከካርዱ ነጻ ያወጣቸው እንደሆነ እንጂ ከትንኟ አያድናቸውም። ተቀባዩ አገርም ላይቀበለው ይችላል።
በኔ እምነት ከደብዳቤ ይልቅ ቀኑን ማራዘሙ ይሻላል። ነገ ቢከተቡ፣ ከሚቀጥለው ሳምንት መጨረሻ በኋላ ይገባሉ።

ለምን እንዲህ
ታዲያ እሷ ብቻዋን ትሂድ። ከፍላለች።

አዛውንቱ
አንተ ልጅ ስምህን የሚያህል ጥያቄ ለራስህ ጠይቅ። ሰው በ67 ዓመቱ ሹቢል ሊያይ ተነስቶ ልጁ ትታው ትሄዳለች? ልጄ፣ ድርጅቱ ቀን ይለውጥ እንደሆነ አሁኑኑ ጠይቂ። ማባምባ ያለው ወፍ ለአንድ ሳምንት የትም አይሄድም። ባይናኩላሩንም ንገሪያቸው፣ ሳይውል ሳያድር ያዩታል።

የጫካ ልጅ
ቀን ከተለወጠ ሁለት ትርፍ ባይናኩላር ጠይቂ። ደግሞ ጋይዱ "በ6 ሰዓት እንነሳ" ካላችሁ የእኛ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ማለቱ ነው። አባትሽ እኩለ ቀን መስሏቸው እንዳይተኙ።

ሲስተር (ዓርብ)
እህቴ ምን ደረሳችሁ? አባባ ሐኪም ጋ ሄዱ?

የጫካ ልጅ (ሰኞ)
ሄዳችሁ ወይስ ቀራችሁ? አንድ ቃል እንኳ።

አዲስ ገቢ (ከ3 ሳምንት በኋላ)
ሰላም፣ እዚሁ ልጠይቅ። የኔ ባይናኩላር ድርብ አያሳይም። በግራ ዓይኔ ጥርት ይላል፣ በቀኝ ግን ሁልጊዜ ይደበዝዛል። ተበላሽቶ ነው?

ቁራ አሳዳጅ
ዲዮፕተሩን አዙረው! ግራውን በመሐለኛው መዘውር አጥራ፣ ከዚያ ግራ ዓይንህን ጨፍነህ ቀኙን በቀለበቷ።

አዲስ ገቢ
ሠራ። አመሰግናለሁ።