ማሽኑ ከሚቆርጠው ይልቅ ባዶውን የሚመላለሰው በዛብኝ

ደብረ ብርሃን ላይ በርና ቁምሳጥን እንሠራለን። ባለ 3 አክሲስ (በሦስት አቅጣጫ የሚንቀሳቀስ) የእንጨት ሲኤንሲ ራውተር፣ ማለትም በኮምፒውተር ትእዛዝ እንጨት የሚቆርጥ ማሽን አለን። አሁን የያዝኩት የዋንዛ በር ነው። ፊቱ ላይ 48 ትንንሽ ጉድጓዶች አሉት፤ ጥልቀታቸው 12 ሚሊ ሜትር። በ6 ሚሊ ሜትር ቢት (መቁረጫ)፣ በየዙሩ 3 ሚሊ ሜትር እያወረድኩ እቆርጣለሁ። ቢቱን የሚያዞረው ስፒንድል በደቂቃ 18,000 ጊዜ ይዞራል፤ የቢቱ ጉዞ በደቂቃ 2,500 ሚሊ ሜትር ነው።

ማሽኑ የሁሉንም ጉድጓድ የመጀመሪያ 3 ሚሊ ሜትር ጨርሶ ነው ለሁለተኛው ዙር የሚመለሰው። በሩን እንዲህ 4 ጊዜ ያዳርሰዋል። በየመሃሉ ቢቱ ይነሳል፣ በአየር ላይ ይሄዳል፣ ይወርዳል። ዓይን ጨፍኖ በድምፁ ብቻ ይለያል፦ እንጨት ሲበላ ጥቂት፣ ባዶ ሲሮጥ ብዙ። መብራት ሳይጠፋ አንድ በር ማስጨረስ ደግሞ ራሱን የቻለ ጭንቀት ነው።

ፍጥነቱን ስጨምር የጉድጓዱ ጠርዝ ይፈነጣጠራል፤ መለስኩት። ቢቱ የሚነሳበትን ከፍታ ከ20 ወደ 8 ሚሊ ሜትር አወረድኩ። ከዚያ በታች ሞርሳውን ይነካል። ማሽኑ የሚያነበውን የትእዛዝ ዝርዝር፣ ጂ ኮዱን፣ በእጅ ማስተካከልማ አይታሰብም፣ መስመሩ አያልቅም።

አንዱን ጉድጓድ እስከ 12 ሚሊ ሜትር ጨርሶ ቅርቡ ወዳለው እንዲሄድ፣ የቢቱን መንገድ በሚያወጣው የኮምፒውተር ፕሮግራም ላይ የትኛውን ምርጫ ልቀይር?