የፕሪሪኩዚት (ከሌላ ኮርስ በፊት መወሰድ ያለበት) ኮርሴ ውጤት ስላልገባ መመዝገብ አልቻልኩም፣ እባካችሁ ምን ላድርግ?

ሰላም ወገኖች፣ እዚህ ሀዋሳ የኮምፒውተር ሳይንስ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ዳታ ስትራክቸርን ተምሬ፣ ፋይናሉን ተፈትኜ፣ ፕሮጀክቱንም አስረክቤ ግሬድ ሪፖርቴ ላይ የሚታየው ኤንጂ (ኖ ግሬድ፣ ውጤት አልገባም ማለት) ነው። የላብ ውጤትሽ አልገባም አሉኝ። አሁን ምዝገባ ተከፍቶ የአልጎሪዝም ኮርሱን ስመርጥ ሲስተሙ በቀይ ጽሑፍ «ፕሪሪኩዚት አልተሟላም» እያለ ይመልሰኛል፤ ሌሎቹ ኮርሶች በሙሉ ገብተዋል፣ እሱ ብቻ ቀረ።

ሬጅስትራር ስሄድ ዲፓርትመንት ያስተካክል ይላሉ። ዲፓርትመንት ደግሞ መምህሩ ይሙላው ይላል፣ መምህሩ ለትምህርት ውጭ ሄዷል፣ ስልኩም አይሠራም። ደንቡን አልቃወምም፣ ዳታ ስትራክቸር ውስጥ ያሉት ሪከርሽንና ትሪ በደንብ ያልገባው ሰው አልጎሪዝም ውስጥ ባለው ዳይናሚክ ፕሮግራሚንግ ላይ መቸገሩ አይቀርም። እኔ ግን ዳታ ስትራክቸርን ተምሬዋለሁ!

በጣም ያስጨነቀኝ እኛ ጋ የአልጎሪዝም ኮርሱ የሚሰጠው በዓመት አንዴ መሆኑ ነው። አሁን ካመለጠኝ ከባቾቼ ጋር መመረቄ ያጠራጥራል። የመውጫ ፈተናው ላይም አለ፣ እሱን ደግሞ 50 ከመቶ ሳያመጡ መመረቅ የለም።

አድ ኤንድ ድሮፕ (ኮርስ መጨመሪያና መቀነሻ ጊዜው) ሳያልቅ ውጤቱ እስኪገባ ድረስ በጊዜያዊነት እንዲመዘገብ የተፈቀደለት ሰው አለ? ማመልከቻውን ለማን ልጻፍ፣ ለዲኑ ነው ወይስ ለዲፓርትመንቱ አካዳሚክ ኮሚሽን? የላብ አሲስታንቱ የፈረመባቸው ሪፖርቶቼ በእጄ አሉ፣ ማስረጃ ይሆኑኛል? በዚህ ያለፋችሁ ካላችሁ በናታችሁ ንገሩኝ።