ጋላክሲያና ሃመር በአንድ ታንክ፦ 15 ሴንቲ ሜትር ይበቃል?

ጥያቄ (ሰማያዊ ታንክ)
ሰላም ለሁላችሁ። ኮራል (ድንጋያማ አጽም ያለው የባሕር እንስሳ) የማኖርበት የጨው ውሃ ታንክ 120 በ60 በ60 ሴንቲ ሜትር ነው። ጋላክሲያ የሚባለው ኮራል ግራ በኩል ትልቁ ድንጋይ አጠገብ፣ ለብቻው በቆመ ድንጋይ ላይ ነው። በስተቀኙ 15 ሴንቲ ሜትር ራቅ ብሎ ቅርንጫፍ ያለው ሃመር ኮራል አለ፤ ቀኝ ጫፍ ላይ ደግሞ ቶርችና ፋቪያ የሚባሉ ኮራሎች። ቀን ቀን አንዱ ሌላውን አይነካም፤ ግን ሃመሩ ወደ ጋላክሲያው ባለው ጎኑ ብቻ ሥጋው እየሸሸ ነጭ አጽሙ ወጥቷል። ጨዋማነት 1.025፣ ሙቀት 25.5፣ አልካሊኒቲ (ውሃው አሲድን የመቋቋም አቅሙ) 8.4። ርቀቱ ነው ችግሩ?

መልስ (ሞገድ)
አዎ፣ ርቀቱ ነው። የውሃ ችግር ቢሆን ጉዳቱ ጎን እየመረጠ አይመጣም ነበር። ጋላክሲያ ቀን ላይ አጭር መስሎ ይታያል፤ መብራት ሲጠፋ ግን ስዊፐር የሚባሉትን ረጃጅም እጆች ይዘረጋል። ጫፋቸው በናዳፊ ህዋሶች የታጨቀ ነው፣ 20 ሴንቲ ሜትርና ከዚያም በላይ ይደርሳሉ። መብራት ከጠፋ ከአንድ ሁለት ሰዓት በኋላ በቀይ የእጅ ባትሪ እየው። ፓምፑን አታጥፋ፤ እጆቹ የሚረዝሙት ውሃው በሚነዳበት አቅጣጫ ስለሆነ ውሃው ቆሞ የተለካ ርቀት ያሳስታል። ፓምፕህ የት ነው?

ሰማያዊ ታንክ
ግራ መስታወት ላይ፣ ወደ ቀኝ የሚነፋ አንድ ፓምፕ ብቻ ነው።

ሞገድ
እንግዲያው ዋናው ስህተት አቀማመጡ ነው፤ ሞገዱ የጋላክሲያውን እጆች በቀጥታ ሃመሩ ላይ ይጥላቸዋል። ጋላክሲያውን ከነድንጋዩ አንስተህ ቀኝ ጫፍ አድርገው፣ እጆቹ ወደ መስታወቱ እንዲሄዱ። ቶርቹና ፋቪያው ወደ ግራ ይምጡ። በጋላክሲያውና በሌሎቹ መካከል ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር ባዶ ተው። ወደፊት ቀኝ ላይም ፓምፕ ከጨመርክ ይህ ስሌት ይፈርሳል፤ ያኔ በሁለቱም አቅጣጫ መለካት ነው።

መልስ (የአሸዋ ወለል)
ወንድሜ፣ ቦታ ስትቀያይር ቶርቹን ከሃመሩ ጋር እንዳታጎራብተው። ሃመርና ፍሮግስፖን የሚባለው ዘመዱ እየተነካኩ አብረው ይኖራሉ፤ ቶርች ግን ብዙውን ጊዜ ሁለቱንም ይናደፋል። ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ስጠው። ፋቪያም ትንሽ ናት ተብላ የምትናቅ አይደለችም፤ ማታ እጅ ታወጣለች፣ የቀረባትን ደግሞ የሆድ ዕቃዋን ክር አውጥታ ሥጋውን ትፈጫለች።

የተጎዳውን ሃመር ስታነሳ ሥጋው እስኪሰበሰብ ጠብቅና አጽሙን ብቻ ያዝ። ያበጠ ሥጋ በአጽሙ ስለታም ጠርዝ ይቀደዳል፣ ከዚያ ወዲያ ቡናማ ዝልግልግ ነገር ይከተላል። እሱን ካየህ ፓምፑን አጥፍተህ በቀጭን ቱቦ ምጠጠው፤ የተያዘውን የቅርንጫፍ ራስ ከሥጋው ጠርዝ በታች፣ ባዶው አጽም ላይ ቁረጠው። ለኮራል በተሠራ አዮዲን መንከር ይረዳል፣ መጠኑንና ደቂቃውን ከጠርሙሱ አትለፍ። ሲመለስም የብርሃኑ ከፍታ የቀድሞው ይሁን፤ ቁስልና አዲስ ብርሃን አንድ ላይ ይከብዱታል።

መልስ (ካልሲየም)
የውሃ ማጣሪያ ካርቦን ጨምር የሚል ሰው ይመጣል፤ ካርቦን የሚይዘው እንደ ሳርኮፊተን ያሉ ለስላሳ ኮራሎች ውሃ ውስጥ የሚለቁትን መርዝ ነው እንጂ ንድፊያን አያስቆምም። ርቀቱንም ዛሬ ካለው መጠን አትለካ። ጋላክሲያ ድንጋይ ላይ እየተንሰራፋ ያድጋል፣ ስለዚህ ድንጋዩ አሸዋ ላይ ለብቻው ይቁም፣ ሌላ ድንጋይ አይንካው። ቦታው ከተቀየረ በኋላም ስዊፐሮቹ ወዲያው አይጠፉምና ለጥቂት ሳምንታት ማታ ማታ እየለካህ ቆይ።