ጣት በጧፍ ነበልባል ውስጥ ሽው ሲል ለምን አይቃጠልም? ስሌቱ ላይ ተይዣለሁ

ፊዚክስ የምታውቁ፣ ወይም የቃጠሎ ሕክምና ላይ የምትሠሩ፣ እባካችሁ ድረሱልኝ።

ጎንደር ውስጥ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ከተማችን በጧፍ አትታማም። ልጆቹ ጣታቸውን በነበልባሉ ውስጥ ሽው ያደርጉና "ቲቸር፣ ለምን አላቃጠለኝም?" ይሉኛል። (እኔ አድርጉ አላልኩም!)

ዋናው ሐሳብ ግልጽ ነው። ነበልባል 1000 ዲግሪ ቢደርስም ጋዝ ነው፤ ስስ ስለሆነ ሙቀት ቶሎ አያስተላልፍም። ቆዳ ደግሞ ውሃ ስለሚበዛበት ለመሞቅ ብዙ ኃይል ይፈልጋል። የጋለ ምጣድ ቢሆን ኖሮ ሌላ ነገር ነበር። ጉዳቱን የሚወስኑት ሙቀትና ጊዜ አብረው ነው። ቆዳ በ44 ዲግሪ ለመጎዳት 6 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል፤ በ60 ዲግሪ ግን 5 ሰከንድ ገደማ ይበቃል።

የተያዝኩት ቁጥሩ ላይ ነው። ቆዳውን ከ32 ዲግሪ አስነስቼ፣ ንክኪውን 0.1 ሰከንድ አድርጌ አሰላሁ። የኮንቬክሽን ኮኢፊሸንቱን (የጋለው ጋዝ ሙቀቱን ለቆዳው ምን ያህል ቶሎ እንደሚያስተላልፍ የሚያሳየውን ቁጥር) 50 ዋት በካሬ ሜትር በዲግሪ ሳደርገው የቆዳው ገጽ 46 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል። 100 ሳደርገው 60 ይጠጋል። የሰማይና የምድር ልዩነት ነው! ለቀጭን ጧፍ የትኛው ይሻላል? ከነበልባሉ የሚመጣውን ጨረር ለብቻው ልደምረው ወይስ እዚያው ውስጥ አለ? ጣቱ እርጥብ ከሆነስ፣ ውሃው ሲተን የሚወስደውን ሙቀት በምን ላስገባው?

የተሠራ ምሳሌ ያላችሁ ብታካፍሉኝ ደስ ይለኛል። ሒሳቡ ለ12ኛ ክፍል ተማሪ የሚገባ ቢሆን ይመረጣል።