ክርክር፦ የአንደኛ ደረጃ መምህር በ5 ሳምንት ይወጣል?

ከፋቹ
የመምህር እጥረት በመጣ ቁጥር አንድ ሃሳብ አብሮት ይመጣል። «ዲግሪ ያለውን ሰው ለጥቂት ሳምንት አሰልጥነን ክፍል እናስገባው፣ ሌላውን እየሠራ ይማረዋል» ይባላል። በተለይ ለአንደኛ ደረጃ። ፊደል ማስቆጠር፣ መደመር፣ መቀነስ ማን ያቅተዋል ነው ነገሩ። እኔ አጭሩን መንገድ አልደግፍም። የመምህራን ኮሌጁ ጠበቃም አይደለሁም። እስቲ ሃሳብ አምጡ። ስድብ ያመጣ ይሰረዛል።

ኢንጂነሩ
እኔ እደግፋለሁ። አሜሪካ ውስጥ ቲች ፎር አሜሪካ የሚባል ድርጅት አለ። እ.ኤ.አ. በ1990 የመጀመሪያዎቹን መምህራን ክፍል አስገባ። አዲስ ተመራቂዎችን ይመለምላል፣ ለረጅም ጊዜ ያዘጋጃቸው የነበረው 5 ሳምንት ገደማ በሆነ የክረምት ስልጠና ነው፣ እነሱም ቢያንስ ለ2 ዓመት ያስተምራሉ። ይኸው እስከ ዛሬ አለ። ሂሳብ በደንብ የሚያውቅ ሰው 2ኛ ክፍልን ለማስተማር ዓመታት ሙሉ ስለ ትምህርት ፍልስፍና ማንበብ አለበት? አይመስለኝም።

የ2ኛ ክፍል መምህርት
ወንድሜ ኢንጂነር፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። አንድ ልጅ 52 ሲቀነስ 27 ሠርቶ 35 ብሎ አመጣልህ። ምን ታደርጋለህ?

ኢንጂነሩ
ተሳስተሃል፣ 25 ነው እለዋለሁ። ከዚያ እንዴት እንደሚበደር ሰሌዳ ላይ አሳየዋለሁ።

የ2ኛ ክፍል መምህርት
አብዛኛው ጀማሪ እንደዚያ ነው የሚያደርገው። ልጁ ግን ቸኩሎ አይደለም የተሳሳተው። ሕግ ተከትሎ ነው። ከ2 ላይ 7 አልቀነስ ሲለው ገለበጠና ከ7 ላይ 2 ቀነሰ። 5 አገኘ። ከ5 ላይ 2 ቀነሰ፣ 3። አንድ ጊዜ የሆነ ሰው «ሁልጊዜ ከትልቁ ትንሹን ቀንስ» ብሎታል። መጠርጠርህ ትክክል መሆኑን ለማወቅ 41 ሲቀነስ 19 ስጠው። 38 ካለህ ያው ነው።

አሁን ሌላ ልጅ ደግሞ 32 ይልሃል። መልሱ 22 ስለሆነ ሁለቱም ተሳስተዋል። ግን ይሄኛው መበደር ገብቶታል። የተበደረበትን አስር መቀነስ ነው የረሳው። ለመጀመሪያው ልጅ አስር አስር የታሰሩ እንጨቶች ሰጥቼ አንዱን እስር በእጁ ፈትቶ እንዲቆጥር አደርገዋለሁ። ለሁለተኛው ከላይ የቀረውን ቁጥር እንዲጽፍ ብቻ እነግረዋለሁ፣ ያልቃል። ሁለቱንም ሰሌዳው ፊት አቁመህ አንድ ዓይነት ነገር ብትደግምላቸው፣ ዛሬ ይገለብጣሉ፣ ነገ እዚያው ናቸው።

ይህን ሂሳብ ጎበዝ መሆን አያስተምርህም። እንዲያውም ጎበዝ የነበረ ሰው ይቸገራል፤ እሱ እንዲህ ተሳስቶ አያውቅማ።

የኮሌጅ አሰልጣኝ
መምህርት ያሉት ነገር በሙያው የታወቀ ነው። ሊ ሹልማን የሚባለው አሜሪካዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1986 ነው ያነሳው። አንድን ትምህርት ማወቅ አንድ ነገር ነው፣ ያንኑ ትምህርት ሌላው እንዲገባው አድርጎ ማቅረብን ማወቅ ሌላ ነገር ነው አለ። የትኛው ምሳሌ ይሠራል፣ ተማሪው የት ላይ ይሰናከላል፣ ከምን ይጀመራል፣ ይህ ራሱን የቻለ እውቀት ነው። በፊንላንድም እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የአንደኛ ደረጃ ክፍል መምህር ለመሆን ማስተርስ ይጠየቃል። 5 ዓመት ገደማ ነው። ስለዚህ ጊዜ ይስጡን።

እጩ መምህር፣ 3ኛ ዓመት
ጊዜ ይሰጠን ለሚሉት፣ ከይቅርታ ጋር፣ እኔ ጊዜ ተሰጥቶኛል። ልጅ እንዴት እንደሚማር ያጠኑትን ፒያዤንና ቪጎትስኪን በቃሌ እወጣቸዋለሁ። ያ የ52 እና የ27 ነገር ግን ዛሬ እዚህ ነው የሰማሁት።

ማይክሮ ቲቺንግ ሠርተናል። ጓደኞቼ ልጅ መስለው ይቀመጣሉ። «ገባችሁ?» ስል በአንድ ድምፅ «አዎ ቲቸር!» ከዚያ ለልምምድ እውነተኛ ክፍል ገባሁ። በ3ኛው ደቂቃ አንዱ ሽንት ቤት ልሂድ አለ። ተከትለው ስድስት እጅ ወጣ። ከኋላ ሁለት ልጆች በአንድ እርሳስ ይጣላሉ። የትምህርት እቅዴ ላይ «መግቢያ 5 ደቂቃ» ይላል። ስድስት እጅ ሲወጣ የሚደረገውን አይልም።

ሱፐርቫይዘሩ መጣ፣ ከኋላ ተቀምጦ ቅጹን ሞላ፣ ሄደ። አስተያየቱ «የሰሌዳ አጠቃቀም ጥሩ» የሚል ነበር። ስለ ልጆቹ አንድም ቃል የለም።

ወላጅ
እኔ ሙያውን አላውቀውም። ግን «እየሠራ ይማራል» ስትሉ የሚማርበት የኔ ልጅ ነው። ለመምህሩ የመጀመሪያ ዓመት ነው፣ ሁለተኛ ዓመት አለው። ልጄ 1ኛ ክፍልን የምትማረው አንዴ ነው። ማንበብ ሳትችል 2ኛ ክፍል ብትገባ፣ እዚያ ሁሉም ትምህርት በማንበብ ነው።

አላፊ አግዳሚ
ሐኪም በ5 ሳምንት ሰልጥኖ ቢያክምህ ትተኛለታለህ? በቃ ክርክሩ አለቀ።

ኢንጂነሩ
የሐኪሙን ምሳሌ ተውት ባካችሁ፣ ለሁሉም ሙያ ይሄው ይመጣል። መምህርት ስለ ቅነሳው አሳምነውኛል። እጩው ግን እኔን ነው የደገፈው። ኮሌጅ ሦስት ዓመት አስቀምጦ ካላስተማረው፣ የሚያስተምረው ክፍል ነው ማለት ነው። ታዲያ ለምን ቶሎ አይገባም?

የ2ኛ ክፍል መምህርት
ምክንያቱም ክፍል ብቻውን አያስተምርም። ስህተትህን የሚያሳይህ ሰው ከሌለ ሃያ ዓመት ያንኑ ስህተት ትደግማለህ።

አንድ ቀላል ማስረጃ ልንገርህ። ሜሪ በድ ሮው የምትባል ተመራማሪ የመምህራንን ክፍለ ጊዜ በቴፕ ቀድታ ሰማች። መምህሩ ጠይቆ፣ መልስ ካጣ፣ በአማካይ 1 ሰከንድ ገደማ ነው የሚጠብቀው። ከዚያ ወይ ሌላ ልጅ ይጠራል፣ ወይ ራሱ ይመልሳል። 3 ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲጠብቅ መልሶቹ ረዘሙ፣ ዝም ይሉ የነበሩ ልጆችም መናገር ጀመሩ። ልብ በል፣ ይህን የሚያደርጉት ልምድ ያላቸው መምህራን ናቸው። ማንም አልነገራቸውም። ልጆቹን እየጠየቅክ ራስህን በሰዓት አትይዝም።

የኮሌጅ አሰልጣኝ
እጩውን በግል አልመልስም፣ ያለው እውነት አለው። እኛ ጋ ያለው ችግር ኮርሱና ልምምዱ የማይተዋወቁ መሆናቸው ነው። ሳይኮሎጂ ለብቻ፣ ስነ ዘዴ ለብቻ፣ ፕራክቲከም፣ ማለትም የክፍል ልምምዱ፣ መጨረሻ ላይ። ፊንላንድን ሳነሳ መናገር የነበረብኝ ይህን ነው። እዚያ ዩኒቨርሲቲዎቹ የራሳቸው የልምምድ ትምህርት ቤት አላቸው፣ እጩዎቹም በስልጠናው የተለያየ ጊዜ እዚያ ይገባሉ። ዓመቱ ብዙ ስለሆነ ብቻ አይደለም የሠራላቸው።

ጡረታ የወጣሁ ርዕሰ መምህር
እናንተ ስለ ሰልጣኙ ነው የምታወሩት። ስለ መካሪ መምህሯ ማን ያውራ? እጩ ሲመደብላት ክፍለ ጊዜዋ አይቀነስ፣ የምታርመው ደብተር አይቀነስ፣ መምከርን ያሰለጠናት የለ። ስለዚህ ምን ታደርጋለች? ክፍሉን ለእጩው ትለቅና ስታፍ ሩም ትገባለች። አልፈርድባትም። እጩው ደግሞ «ተለማመድኩ» ብሎ ይሄዳል። እኔ በነበርኩበት ስንት ልምምድ እንዲህ እንዳለፈ እግዜር ይወቀው።

ጃፓኖች ጥሩ ልማድ አላቸው። መምህራኑ አንድ ክፍለ ጊዜ አብረው ያቅዳሉ፣ አንዷ ታስተምራለች፣ ሌሎቹ ቆመው ያያሉ። የሚያዩት እሷን ሳይሆን ልጆቹን ነው፤ የትኛው የት ላይ እንደቆመ። ከዚያ ተቀምጠው ይነጋገሩበታል። ጀማሪ እዚያ መሀል ቢቀመጥ ከሴሚናር በላይ ይማራል። ግን ጊዜ ይፈልጋል። ጊዜ ደግሞ ገንዘብ ነው፣ እዚህ ላይ ሁሉም ዝም ይላል።

አላፊ አግዳሚ
ደመወዝ ሳይነሳ የሚደረግ ክርክር ባዶ ነው። ጎበዝ ተማሪ ቀድሞ ነገር ለምን ይመርጠዋል?

ከፋቹ
ደመወዙ እውነት ነው፣ ለብቻው እንከፍተዋለን። እዚህ ካስገባነው ሌላው ሁሉ ይዋጣል።

አቋሜን ላስቀምጥ። 5 ሳምንት አይበቃም፣ መምህርት የጠቀሷቸው ሁለት ልጆች ለማስረጃ ይበቁኛል። የኮሌጁ 3 ዓመትም እጩው እንዳለው ከሆነ ከ5 ሳምንቱ ብዙም አይሻልም። እኔ የምለው፣ ሰልጣኙ ከመጀመሪያው መንፈቅ ጀምሮ በሳምንት ሁለት ቀን አንድ ክፍል ውስጥ ይሁን። ያንኑ ክፍል፣ እነዚያኑ ልጆች። ሰኞ ያየውን ስህተት ረቡዕ ኮሌጅ ይዞት ይምጣ፣ የስነ ዘዴው ኮርስ ከዚያ ይነሳ። መካሪዋም የተመረጠች ትሁን፣ ክፍለ ጊዜዋ ይቀነስላት። በ1 ዓመት ስልጠናም ቢሆን ይህ ካለ እቀበላለሁ። በ5 ዓመት ይህ ከሌለ አልቀበልም።

ኢንጂነሩ
ቆይ፣ የመካሪዋን ክፍለ ጊዜ ስትቀንስ ማን ሊያስተምረው ነው? መነሻችን እኮ እጥረት ነበር።

ከፋቹ
ሰልጣኙ ያስተምረው፣ እሷ ከኋላ ተቀምጣ ትይ።

የ2ኛ ክፍል መምህርት
ከኋላ ከተቀመጥኩ አላረፍኩም፣ ሥራ ላይ ነኝ። እሱን ክፍለ ጊዜ እንደ ሙሉ ሥራ ቁጠሩልኝ። ደግሞም በመጀመሪያው ወር ክፍሉን አልሰጠውም። መጀመሪያ ሦስት ልጅ ብቻ ይዞ ጥግ ላይ ያስነብብ። ሦስቱ የት የት እንደሚሰናከሉ ጽፎ ካመጣልኝ በኋላ እንነጋገራለን።

እጩ መምህር፣ 3ኛ ዓመት
መምህርት፣ የሚጻፈው በምን ዓይነት ቅጽ ነው?

የ2ኛ ክፍል መምህርት
ቅጽ የለውም ልጄ። ባዶ ደብተር ያዝ።